«ሊቀመንበሩ አለ?» … «አለሁ!»

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ፍቅር፣ ስለ ቅናት፣ ስለ ሰርግ ወጪና ስለ አማት ብዙ ተባብለናል። ዛሬ ደግሞ ስለ ማዕረግ እናውጋ። «ማዕረግና ፍቅርን ምን አገናኛቸው? ይሄ የፖለቲካ ገጽ አይደለም!» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ግዴለም፣ ትንሽ ታገሡኝ። አንዲት «ሩ» እና አንዲት «ሯ» ተጋጭተው አንድ የተቆረጠ ሰርግ ሊያፈርሱ ስለተቃረቡ ነው ይህን የምጽፈው።

ለካስ እጮኛሞች የሚጣሉት በገንዘብና በሦስተኛ ሰው ብቻ አይደለም! «ሊቀመንበሩ» እና «ሊቀመንበሯ» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከልም ጠብ አለ።

ነገሩ የሆነው ቡኢ ነው

ቡኢን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ሲኬድ የጢያን ትክል ድንጋዮች ካለፉ በኋላ የምትገኝ የሶዶ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። መስቀል ሲደርስ መርካቶ ጭር የሚለው ለምን እንደሆነ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም መቼም። የጉራጌ ልጅ ሁሉ ወደ አገሩ ይገባላ! እኔም ባለፈው መስቀል ከጓደኞቼ ጋር ቡኢ ወርጄ ነበር። ክትፎው ከቆጮው ጋር ቀርቦ ጨዋታው ሲደራ ነው የባለታሪካችንን ነገር የሰማሁት። በማግስቱም እሷንና እጮኛዋን ለየብቻ አነጋገርኳቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ የገጻችን ልማድ ነው። የቀበሌዋንም ስም አልጠራም።

ልጅቷ 27 ዓመቷ ነው። ዲፕሎማ አላት፣ አንደበቷ የተቆጠበ ነው፣ ስትስቅ ግን ከልቧ ነው የምትስቀው። ከከተማዋ ብዙም በማይርቅ አንድ ቀበሌ ሊቀመንበር ሆና ከተመረጠች ዓመት ከመንፈቅ አልፏታል። ቢሮዋ አንድ ክፍል ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ ማኅተም። ባለጉዳይ በሩን ገፋ አድርጎ ይገባል፣ ያያታል፣ ግራ ቀኙን ይቃኛል፣ ከዚያ ይጠይቃል፤

«ሊቀመንበሩ አለ?»

«አለሁ።»

«አይ፣ ሊቀመንበሩን ፈልጌ ነበር…»

«እኮ፣ አለሁ!»

«መጀመሪያ አካባቢ በጣም ነበር የሚያስቀኝ» አለችኝ። «ሰዎቹ ክፋት ኖሯቸው አይደለም። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁሉ ወንዶች ስለሆኑ ዓይናቸው ያንን ነው የለመደው። ግን አንድ ነገር ልንገርህ ብል ደስ ይለኛል በለው ለአንባቢህ…» ብላ ሳቀችና ቀጠለች። «ከእኔ በፊት የነበሩትን ‹ሊቀመንበር፣ እንደምን አደሩ!› ብለው ከመቀመጫቸው የሚነሡ አባቶች እኔን ‹እሙዬ፣ የእገሌ ልጅ አይደለሽ? እስቲ ይቺን ማኅተም አድርጊልኝ› ይሉኛል። ያው አደርግላቸዋለሁ። ማኅተም ወንድና ሴት አያውቅም።»

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሚያስቅ ነው። ማሳቁ ያበቃው ወሬው አዲስ አበባ ሲደርስ ነው።

እጮኛዋ መርካቶ ሱቅ አለው። ዕድሜው 30 ነው፤ ጠንቃቃ ነጋዴ፣ የማይሰክር፣ የማይሳደብ ሰው። ይወዳታል፤ ይህን ሲናገር አይኑን አላሸም። ሰርጉም ለጥር ተቆርጧል። ታዲያ አንድ ቀን ዕቁብ ሊጥል ሲገባ ከጓደኞቹ አንዱ «የሊቀመንበሯ ባል መጣ፣ ተነሡ!» አለ። ሁሉም ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ እሱ ሆኖ ቀረ።

«ገና ሳላገባት ስሜን ቀየሩት!» አለኝ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ። «ነገ ልጅ ስንወልድ ‹የሊቀመንበሯ ልጅ› ሊባል ነው። የእኔ ስም የት ገባ? እኔ እሷን ሥራ አትሥሪ አላልኩም። አስተማሪ ትሁን፣ ነርስ ትሁን፣ ከፈለገች ሱቁን ትያዝ። ይሄ ግን… ይሄ የወንድ ስም ነው።»

ቤተሰቡ ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌዎቹ የጠየቁት አጭር ነው፤ ከሰርጉ በፊት ኃላፊነቱን ትልቀቅ። ልጅቷ አላስቀየመቻቸውም። «አባቶቼ» አለቻቸው፤ «እናንተ የሰው ትዳር ስታስታርቁ የራሳችሁ ቤት ይፈርሳል? እኔም እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት የድንበር ጠብ ላስታርቅና የሰው ጉዳይ ልጨርስ ነው።» ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ «ልጄ፣ ሊቀመንበርነት ለወንድም አይበጅ፣ እንኳን ለሴት!» ብለው ቀልደው ነገሩን ለሌላ ቀን ቀጠሩት።

እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው። እጮኛው እንዳለው «ሊቀመንበር» የወንድ ስም ነው?

ወንበር ጢም የለውም!

እስቲ ቃሉን እንፈልቅቀው። «ሊቀ» አለቃ ማለት ነው፣ «መንበር» ደግሞ ያው ወንበር ነው። ሲገጣጠም የወንበር አለቃ ይሆናል። ወንድ የሚል ፊደል የታለ? ሌሎቹንም እንይ። «አፈ ጉባዔ» የጉባዔ አፍ ነው። «ርዕሰ መስተዳድር» የአስተዳደር ራስ ነው። «ርዕሰ ብሔር» የአገር ራስ። «እንደራሴ» ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ «እንደ ራሴ» ማለት ነው፤ እኔን ሆኖ፣ በእኔ ቦታ የሚቆም ሰው። ሰብሳቢ፣ አስተዳዳሪ፣ ተጠሪ፣ ጸሐፊ፣ ሚኒስትር፣ ከንቲባ፣ ፕሬዚዳንት… አንዱም ሱሪ አልታጠቀ፣ አንዱም ቀሚስ አልለበሰ። ወንበር ጢም የለውም፣ አፍም ነጠላ አያጣፋም!

በዚህ ረገድ ከእንግሊዞቹ የተሻለ ዕድል አለን። እነሱ ሊቀመንበርን ለዘመናት «ቼርማን» ሲሉ ኖረዋል፤ «ማን» የሚለው ጭራ ወንድ ማለት መሆኑን የ5ኛ ክፍል ተማሪም ያውቃል። ሴቶቹ ወንበሩን ሲይዙ «ቼርውማን» ተባለ፣ ኋላ «ቼርፐርሰን» መጣ፣ ያም ረዘመባቸውና ብዙዎች ዝም ብለው «ቼር» ማለት ጀመሩ። ዞረው ዞረው የደረሱት ወንበሩ ላይ ነው፤ እኛ ዱሮውኑ የነበርንበት ቦታ!

ታዲያ የእኛ ጣጣ የት ላይ ነው? ጭራው ላይ ነዋ! አማርኛ ስሙን ነጻ ይተውና ጾታውን ከኋላ ይቀጥለዋል። «ሊቀመንበሩ መጣ»፣ «ሊቀመንበሯ መጣች»። ማን እንደሆነ ባልታወቀ ጊዜ ደግሞ አፋችን የሚቀድመው ወደ «ሩ» ነው። ባለጉዳዩ በሩን ገፍቶ ሲገባ «ሊቀመንበሩ አለ?» ያለው ለዚህ ነው። ወንበሩን አይቶ አይደለም፤ በጭንቅላቱ ውስጥ ቀድሞ አንድ ወንድ አስቀምጦበት ነው።

መድኃኒቱም ግን እዚያው አማርኛ ውስጥ አለ። አንቱታ! «ሊቀመንበር አሉ?» ብትሉ ወንድ ናቸው ሴት? አይታወቅም። «መጡ፣ ሄዱ፣ ፈረሙ፣ አስታወቁ፣ እርስዎ፣ እሳቸው»… አንዱም ጾታ አይለይም። አማርኛ ሰውን ሲያከብር ጾታውን ይተወዋል። አያቶቻችን ይህን ያወጡት ስለ ሴቶች እኩልነት ተሰብስበው አይደለም፤ ቋንቋው እንዲሁ ሰጥቶናል። ችግሩ ለወንዱ ሊቀመንበር የምንሰጠውን አንቱታ ለሴቷ ስንደርስ «እሙዬ» በሚል መተካታችን ነው። ያኔ ማዕረጉም ጾታውም አብረው ይጋለጣሉ።

በእርግጥ ሁሉም ቃል እንደ «ሊቀመንበር» ንጹሕ አይደለም። «ባላባት» ውስጥ አባት ተቀምጧል። «አባወራ» ውስጥም እንዲሁ፤ ዛሬ «እማወራ» የሚል ጓደኛ አግኝቷል። «የጎበዝ አለቃ» ስንል በሐሳባችን የሚመጣው ጎረምሳ ነው። «የአገር ሽማግሌ»ን ደግሞ ተመልከቱት። ሽማግሌ ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ሥልጣን ነው፤ ትዳር ያስራል፣ ደም ያደርቃል። የሴቷ እኩያ ቃል «አሮጊት» ነው፤ በአሮጊት የታረቀ ጠብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እናቶቻችን በየጓዳው ስንት ጠብ ያበርዳሉ፤ ለሥራቸው ግን ማዕረግ የሰጣቸው የለም። በቡኢው ጉዳይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ውስጥ አንዲት እናት ብትኖር ኖሮ ነገሩ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር ይሆን? ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ከዘውዲቱ እስከ ሣህለወርቅ

«ሴት በትልቅ ማዕረግ መጠራት ዛሬ የመጣ ፋሽን ነው» የሚል ካለ ታሪክ አላነበበም። በ1909 ዓ.ም. መስከረም 17፣ ልክ በመስቀል ቀን፣ ልጅ ኢያሱ ከዙፋን መውረዳቸው ታወጀና የአፄ ምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ተተኩ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ዘውድ ጫኑ። ያን ጊዜ መኳንንቱና ካህናቱ የቃል ጭንቀት ገጥሟቸው ነበር ማለት ይቻላል። «ንጉሠ ነገሥት» ሊሏቸው አልሆነም። «እቴጌ» እንዳይሏቸው እቴጌ የንጉሥ ሚስት ናት፤ እሳቸው ግን በራሳቸው ነው የነገሡት። ስለዚህ «ንግሥተ ነገሥታት» ተባሉ። ቃሉ ተገኘ! ሥልጣኑ ግን ለሁለት ተከፈለ፤ መንግሥቱን የሚመሩ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ተደረጉ። የማዕረግ ስም ብቻውን ሙሉ ሥልጣን እንደማያመጣ ያኔውኑ ታይቷል።

ከዚያም በኋላ በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዙፋኑን የሚወርሰው ወንድ ብቻ እንዲሆን ደነገገ። በሩ በሕግ ተዘጋ ማለት ነው። ደግነቱ ያው ሕገ መንግሥት ምርጫ የሚባል ነገር አምጥቶ ስለነበር፣ በ1950 ዓ.ም. ወ/ሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። የተጠሩት በምን ነበር? «እንደራሴ» በሚለው! ለሳቸው ተብሎ አዲስ ቃል አልተፈጠረም፤ አላስፈለገማ።

ደርግ ሲመጣ ማዕረጉን ሁሉ ጠራረገው። ግርማዊ ቀረ፣ ክቡር ቀረ፣ ደጃዝማች ቀረ። ሁሉም «ጓድ» ሆነ። ሁሉም እኩል! እንዲያም ተብሎ ሴቷ ስትመጣ አንዲት ጭራ ተቀጠለላትና «ጓዲት» ሆነች። እሱም ይሁን። ነገር ግን በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢሠፓ ሲመሠረት በፖሊት ቢሮው ሙሉ አባላት ውስጥ አንዲትም ጓዲት አልነበረችም። «ሊቀመንበር» የሚለው ቃልም በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ የተስፋፋው በዚያው ዘመን ነው። የአባቶቻችን ዓይን ወንበሩ ላይ ወንድ ብቻ የለመደው እንግዲህ ከዚያ ጀምሮ ነው።

አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ አዘጋጆቹ ይህን የጭራ ጣጣ አስበውበታል። ጽሑፉ «ፕሬዚዳንቱ»፣ «ጠቅላይ ሚኒስትሩ»፣ «ይሾማል» እያለ በወንድ አንቀጽ ነው የተጻፈው። ነገር ግን አንቀጽ 7 ላይ አንዲት አጭር ድንጋጌ ገብታለች፤ በወንድ ጾታ የተገለጸው ሁሉ ለሴትም ይሠራል የምትል። በየአዋጁ ውስጥ ተመሳሳይዋን ታገኛላችሁ። ሕጉ «አፌ ወንድ ቢልም ልቤ ሁለቱንም ነው» እያለ ነው። ጥሩ ነው፤ ለፍርድ ቤት ይበቃል። ለቀበሌ ባለጉዳይና ለመርካቶ ዕቁብ ግን አልበቃም። ሰው አንቀጽ 7ን አንብቦ አይደለም ሰላምታ የሚሰጠው!

ያም ሆኖ ወንበሮቹ መያዝ ጀመሩ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት የመጀመሪያው አፈ ጉባዔ ሴት ነበሩ፤ ወ/ሮ አልማዝ መኮ። በ2010 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ወ/ሮ ሙፈሪያት ካሚል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባዔ ሆኑ። 2011 ዓ.ም. ደግሞ ጉድ የታየበት ዓመት ነው። ጥቅምት 6 ቀን ከተሾሙት 20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሆኑ፤ የመከላከያ ሚኒስቴር ሳይቀር በሴት ተያዘ፤ ወ/ሮ አይሻ መሐመድ። ጥቅምት 15 ቀን ወ/ሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር ሆኑና እስከ 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ቆዩ። በዚያው ጥቅምት ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ በኅዳር ወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ተባሉ። መስከረም 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ወ/ሮ አዳነች አቤቤ በአዲስ አበባ ምክር ቤት «ከንቲባ» ሆነው ተሾሙ።

እስቲ ልብ በሉ። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ለአንዷ እንኳ አዲስ ቃል ተፈጠረ? «አፈ ጉባዒት»፣ «ከንቲቢት»፣ «ሊቅተ መንበር» ሲባል የሰማ አለ? የለም! ብቸኛዋ ለውጥ «ክቡር» የነበረው «ክብርት» መባሉ ነው። ቃሎቻችን ለሴት ጠበው አያውቁም። የጠበበው ሌላ ነገር ነው።

ፈረንጆቹም አልቀለላቸውም

የፈረንሳይኛ ማዕረግ እንደ አማርኛ ነጻ አይደለም፤ ፊቱ ላይ «ለ» ወይም «ላ» የሚል የወንድና የሴት ምልክት ይለጠፍበታል። በ2014 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ፓርላማ ስብሰባውን ትመራ የነበረችው ሴት «ማዳም ላ ፕሬዚዳንት» በሉኝ ብትል፣ አንድ የምክር ቤት አባል እልህ ይዞት «ማዳም ለ ፕሬዚዳንት» ማለቱን ቀጠለ። ሰዋስው ነው አለ። የወር አበሉ ሩብ ተቆረጠበት! አንዲት ፊደል ከ1,300 ዩሮ በላይ አስከፈለችው። የቋንቋው ጠባቂ የሆነው የፈረንሳይ አካዳሚ የማዕረግ ስሞችን በሴት ጾታ መጥራት ሳያስቸግር ይቻላል ያለው ገና በ2019 እ.ኤ.አ. ነው።

«እንግዲያው ቋንቋው ጾታ ባይኖረው ሁሉ ነገር ይስተካከል ነበር» እንዳትሉኝ ደግሞ ታንዛኒያን ተመልከቱ። ስዋሂሊ «እሱ» እና «እሷ» ብሎ አይለይም፤ ሁለቱም አንድ ናቸው። ፕሬዚዳንቱም «ራይስ» ነው፤ ለወንድም ለሴትም። ነገር ግን በ2021 እ.ኤ.አ. ሳሚያ ሱሉሁ ሐሰን ሥልጣን ሲይዙ ሕዝቡ ወዲያው «ማማ ሳሚያ» አላቸው። አክብሮት ነው፣ ፍቅርም አለበት። ብቻ ሴት ሥልጣን ስትይዝ እናትነቷን ካልጨመርንበት አይዋጥልንም ማለት ነው። ቃሉ ጾታ የለውም፤ ተናጋሪው ግን አለው!

«እሷ እኮ ወንድ ናት!»

አሁን ወደ ራሳችን ገበና እንመለስ። ጎበዝ ሴት ስናይ ምን እንላለን? «ወንድ ናት!» እንላለን። ስትፈርድ «ወንድ ናት»፣ ስትደፍር «ወንድ ናት»፣ ተቆጥታ የሰፈር ዱርዬ ስትበትን «ወንዳታ!»። ምስጋና መሆኑ ነው። ግን ምስጋናው ውስጥ ያለውን ስድብ አስቡት፤ ሴትነትሽን ካልተውሽ አትመሰገኚም ማለት አይደለም? ወንዱን ልንሰድበው ስንፈልግ ደግሞ «ሴታሴት» እንለዋለን። ሂሳቡ የት ላይ እንደተበላሸ ማየት አያቅትም።

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውንም ተረት ታውቁታላችሁ። ሰዋስዉን ግን አስተውላችሁት ታውቃላችሁ? «ሴት ብታውቅ» አይልም፤ «ቢያውቅ» ነው የሚለው። አዋቂ ስትሆን በወንድ አንቀጽ ተጠራች ማለት ነው! ተረቱ ዕውቀቷን ሊነጥቃት መጥቶ ጾታዋንም አብሮ ነጠቃት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የመርካቶው እጮኛ ሕመም የሚገባን። «የሊቀመንበሩ ሚስት» ስትባል የኖረች ሴት ስንት ናት? በየቀበሌው፣ በየወረዳው! ማንም ስሟን አይጠራም፣ ማንም ስሟ ጠፋ ብሎ አላለቀሰም፤ እንዲያውም ክብር ነው፤ ወረፋ ላይ ቅድሚያ ያሰጣል። «የሊቀመንበሯ ባል» ሲባል ግን አገር ይስቃል። ያው ሁለት ቃል፣ ያው አንድ ጭራ ነው የተቀየረው። ስለዚህ እጮኛው «ማዕረጉ የወንድ ስም ነው» ሲል የሚያመው ማዕረጉ አይደለም፤ የእሱ ስም ከሷ ስም ኋላ መቀጠሉ ነው። እሱን ደግሞ እናታችንም፣ አክስታችንም፣ እኅታችንም ዕድሜያቸውን ሙሉ ኖረውበታል።

ባልን የቤተሰብ ራስ ያደረገው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ ያን አንስቶ ባልና ሚስትን እኩል አድርጓል። ወረቀቱ ላይ አልቋል። የቀረው ዕቁቡ ላይ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ወጣት ነንና ቶሎ እንማራለን። እኔ የማምንበትን ልንገራችሁ፤ የሚሻል ያለው ደግሞ ይምከረን።

አንደኛ፤ ማዕረጉን በማዕረግነቱ ጥሩት። «ሊቀመንበር» በቂ ነው። «ሴቷ ሊቀመንበር» አያስፈልግም። ወንዱን «ወንዱ ሊቀመንበር» ብላችሁ ታውቃላችሁ? «የመጀመሪያዋ ሴት» የሚለው ለታሪክ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ይጻፍ፤ በየቀኑ ዜና ላይ ሲደጋገም ግን ሹመቱን ትቶ ቀሚሱን ማስተዋወቅ ይሆናል። እኛ ጋዜጣ ላይ የምንጽፈውም ብንሆን ከዚህ ነጻ አይደለንም።

ሁለተኛ፤ ማን እንደተቀመጠ ሳታውቁ ቢሮ ስትገቡ አንቱታ ተጠቀሙ። «ሊቀመንበር አሉ?»፣ «ኃላፊ ገብተዋል?» በሉ። አትሳሳቱም፣ አታፍሩም፣ ጉዳያችሁም ቶሎ ያልቅላችኋል። ወጣት ሴት ብታገኙም አንቱታውን አትንጠቋት። ከወንበሩ ስትነሣና ቡና ስትጠጡ «አንቺ» በሏት፤ ችግር የለውም። ወንበሩ ላይ ሳለች ግን አንቱታው የወንበሩ ነው።

ሦስተኛ፤ መተዳደሪያ ደንብ የምትጽፉ፣ የእድር፣ የወጣት ማኅበር፣ የተማሪዎች ካውንስል፣ ለምን «ሊቀመንበሩ ይመራል፣ ይፈርማል» ትላላችሁ? «ሊቀመንበር ስብሰባ ይመራሉ፣ ይፈርማሉ» ብትሉ ምን ይጎድላል? አንዲት ፊደል ነው የምትቀይሩት። ደንቡን የምታነብ የ14 ዓመት ልጅ በዚያች ፊደል ውስጥ ራሷን ታገኛለች።

አራተኛ፤ «ወንድ ናት» የሚለውን ምስጋና ተዉት። «ጎበዝ ናት» የሚል ቃል አለን። ነጻ ነው፣ ግብርም አይከፈልበትም።

አምስተኛውና ከባዱ ለወንዶች ነው። ጀለሶች፣ እውነቱን እንነጋገር። የሴት ሹመት በአደባባይ ሲሆን እናጨበጭባለን፤ ቤታችን ሲገባ ደግሞ ሽማግሌ እንልካለን። የሰው ፍቅረኛ ሚኒስትር ብትሆን «አራዳ ናት» እንላለን፤ የራሳችን ፍቅረኛ የቀበሌ ሊቀመንበር ስትሆን «ስሜ ጠፋ» እንላለን። እንዲህ ያለው እኩልነት የፋራ እኩልነት ነው። «የእገሊት ባል» ተብሎ ተጠርቶ ቀና ብሎ መሄድ የሚችል ወንድ ከስሙ ምንም አልጎደለበትም። እንዲያውም አንድ ተጨማሪ ስም አገኘ።

ለሴቶቹ ደግሞ አንዲት ቃል ብቻ። ስማችሁን የሚያከብር ሰው ፈልጉ፤ ማዕረጋችሁን ደግሞ ለማንም ስጦታ አታድርጉት። ፍቅር ብዙ ነገር ሊጠይቅ ይችላል፤ ወንበር ልቀቂልኝ ሲል ግን አንድ ጊዜ መልሳችሁ ጠይቁት። «አንተ ብትሆን ትለቅልኝ ነበር?» በሉት። መልሱን ስትሰሙ ለሰርጉ ስንት ሰው እንደምትጠሩ፣ ወይም ጭራሹን መጥራት እንዳለባችሁና እንደሌለባችሁ ታውቃላችሁ።

አማርኛ ለሹመት የሚሆን ነጻ ቃል ሰጥቶናል፤ አንቱታም ሰጥቶናል። ቃል አልጎደለንም። የጎደለን ቃሉን ለሴቷም በሙሉ አፍ መጥራት ነው።